አስር ናኖ አምፔር በአሸተን

«አስር ነጥብ ዜሮ ሁለት!»

ይህን ስጮህ በወላጆቼ ግቢ መሃል፣ በርጩማ ላይ በተቀመጠ የብስኩት ቆርቆሮ ፊት ተንበርክኬ ነበር። የጎረቤት ውሻ ጩኸቴን ተቀበለኝ። አባቴ ዳዊታቸውን እንደያዙ ከቤት ወጥተው «ምነው ልጄ? እባብ ነው?» አሉ። እባብ አልነበረም። ቆርቆሮው ውስጥ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ ቺፕ አለ፤ ከቺፑ የሚወጣው ከረንትም ልክ እንዳሰብኩት አስር ናኖ አምፔር ሆኖ መለኪያው ላይ ቆሟል። ሁለት ዓመት ሙሉ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ብቻ የማውቀውን ቁጥር በላሊበላ ፀሐይ፣ በገዛ ግቢያችን፣ እውን ሆኖ ሳየው እንኳን መጮህ መዝለልም አነሰኝ። ዘለልኩም።

እኔ ደስ ሲለኝም ሲከፋኝም ቶሎ ነው። እናቴ «አንቺ እኮ እንደተጣደ ወተት ነሽ፤ ዞር ካሉ ግንፍል ነው» ትለኛለች። አስቀድሜ የምናዘዘው በዚያ ሳምንት ሁለቱንም አሳምሬ ስለሆንኩ ነው።

ሥራዬን ከሌላው ሰው ሁሉ ይልቅ ለአባቴ ማስረዳት ይቀለኛል። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ማኅሌት ላይ ቀድመው ድምፅ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው፤ የቀሩት ከእሳቸው ይቀበላሉ። እሳቸው ከልክ በላይ ከፍ ካደረጉት ሁሉም እስኪነጋ ጉሮሯቸውን ሲያሰቃዩ ያድራሉ፤ ዝቅ ካደረጉት ሁሉም አብሮ ይወርዳል። አንድ ቺፕ ውስጥም ያሉት ሰርኪቶች ሁሉ ምን ያህል ከረንት መውሰድ እንዳለባቸው የሚያውቁት ከአንድ ትንሽ ሰርኪት ተቀብለው ነው። በሙያችን ሪፈረንስ እንለዋለን። የእኔ ሥራ ያንን መሪ መሥራት ነው።

ችግሩ ሙቀት ነው። ትራንዚስተር ብርድና ሙቀት ሲፈራረቅበት ባሕርይው ይለወጣል፤ ጠዋት የሰጠውን ቀን ላይ አይደግመውም። ስለዚህ ሁለት ከረንት እንሠራለን፤ አንዱ ሲሞቅ የሚጨምር፣ ሌላው ሲሞቅ የሚቀንስ። በትክክለኛው መጠን ከደመርናቸው የአንዱ ጭማሪ የሌላውን ጉድለት ይሞላና ድምሩ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ወረቀት ላይ ሲጻፍ ሁለት መስመር ነው። መጠኑን እስካገኘው ግን ስንት ሌሊት እንደ ቆጠርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከረንቱ ደግሞ እጅግ ትንሽ፣ የአንድ አምፔር ቢሊዮንኛ በሆነው በናኖ የሚቆጠር መሆን አለበት። አንድ የእጅ ሰዓት ከእኔ አስር ናኖ አምፔር መቶ እጥፍ ያህል ይወስዳል። ይህን ያህል ቆጣቢ ከሆነ ሳንቲም በምታክል ባትሪ ለዓመታት የሚሠራ ሙቀት መዝጋቢ ይወጣዋል፤ ከኩልመስክ ከተማ ወደ ደጋው ቀበሌ በሰው ትከሻ የሚሄድ የክትባት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ክትባቱ ሙቀት አግኝቶት እንደሆነ የሚናገር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይመታል።

ላሊበላ የመጣሁት ጨንቆኝ ነው። አዲስ አበባ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደልብ የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ አንድ ሣጥን አለ፤ እሱም ተበላሽቶ መለዋወጫ ይጠብቃል። አማካሪዬ ደግሞ ቁርጡን ነግረውኛል። የተማሪዎች ዲዛይን ባንድ ላይ ተጠቃሎ ውጭ አገር ካለ ፋብሪካ የሚታዘዝበት ቀን ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። «ከብርድ እስከ ሙቀት የተለካ ውጤት ካላመጣሽ ማዕዘንሽን ለሌላ ተማሪ እሰጣለሁ» አሉኝ። ማዕዘን የሚሉት ቺፑ ላይ የእኔ ዲዛይን የሚያርፍባትን ቦታ ነው። ቀጣዩ ትእዛዝ መቼ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም። ከመጀመሪያው ዙር ከደረሱኝ አምስት ቺፖች በሕይወት ያለው አንድ ብቻ ነበር።

«ሣጥን ባይኖረን ላስታ አለኝ!» አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። የምሬን ነበር። የጥቅምት ማለዳ አሸተን ማርያም ላይ ያለውን ብርድ ቀምሼዋለሁ፤ በዚያ ላይ ገዳሙ ያለበት ተራራ አጠገብ የኤሌክትሪክ መስመር የለም። ይህን ያህል ትንሽ ከረንት የሚለካ ሰው ከብርድና ከሙቀት እኩል የሚፈራው ከግድግዳ ሽቦ የሚመጣውን ረብሻ ነው። ቆርቆሮውን የያዝኩትም ለዚሁ ነው፤ ክዳኑ ሲዘጋ የውጭውን ረብሻ ያስቀርልኛል።

ረቡዕ ማለዳ ደረስኩ። እናቴ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ተቀብላኝ፣ ከፍታ ቺፑንና የተበየደበትን አረንጓዴ ቦርድ አየችው። «ይችው ናት ሁለት ዓመት ያከሳችሽ?» አለች። ከዚያ የማርያም ሥዕል ካለበት ጠረጴዛ ላይ በክብር አስቀመጠችው። እኔ ከመኪና እንደወረድኩ እንቅልፍ ጣለኝ። ከሰዓት በኋላ ተነስቼ ስለካው ነው ያ ሁሉ ጩኸት የተጮኸው።

ሐሙስ ሳይነጋ አባቴን አስከትዬ አሸተን ወጣሁ። እሳቸው ለመሳለም፣ እኔ ለመለካት። ፀሐይ ገና ስትወጣ የገደሉ ጥላ ውስጥ ጉም ተኝቷል፤ ጋቢዬ ላይ ጤዛ አለ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ቆርቆሮዬን አይተው ቀረብ አሉ።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ብርድ የማይሰማው ነገር ነው፣ አባቴ።»

«ብርድ የማይሰማውማ ድንጋይ ነው!»

«እርስዎ እንዳሉት ነው፤ የተሠራውም ከአሸዋ ነው» አልኳቸው። አባቴን ዞር ብለው አዩና «ልጅዎ ደህና ናት?» አሏቸው። አባቴም «እኛም እየተከታተልን ነው» ብለው መለሱ። ሁለቱም ሳቁብኝ። መነኩሴው ግን ከገደሉ ሥር ፀሐይ ቶሎ የማይደርስበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳዩኝ። ቴርሞሜትሩ አራት ዲግሪ ላይ እስኪረጋ ጠብቄ መለኪያውን አበራሁት።

አስራ ሦስት ነጥብ አራት።

አጠፋሁት፤ አበራሁት። አስራ ሦስት ነጥብ አራት። ደሜ ፈላ። መጀመሪያ ፋብሪካውን ረገምኩ፤ ቀጥሎ የትራንዚስተር ስሌቱን የሠሩትን፤ ቀጥሎ አማካሪዬን፤ መጨረሻ ላይ ራሴን። ፀሐይ እየወጣች ስትሄድ ቁጥሩ አስራ ሁለት፣ አስራ አንድ እያለ ወረደ፤ እቤት ስንደርስ፣ ቀትር ላይ፣ አስር። ትርጉሙ ግልጽ መሰለኝ። ሲሞቅ የሚቀንሰው ከረንቴ ከሌላው በልጧል፤ ድምሩ አልተመጣጠነም። መሪዬ በብርድ ድምፁን ሰቅሎታል ማለት ነው።

ተስፋ ላለመቁረጥ ሁሉም የሚያደርገውን አደረግሁ። የጣት ቅባት ነክቶት እንደሆነ ብዬ ከፋርማሲ አልኮል ገዝቼ ቦርዱን አጠብኩት። ዓርብ ማለዳ ብቻዬን ወጣሁ። ያው ጉም፣ ያው አራት ዲግሪ። አስራ ሦስት ነጥብ ስድስት! ጭራሽ ባሰበት። እዚያው ተቀምጬ አማካሪዬ ጋ ደወልኩ።

«ፊውዙን ቁረጪው» አሉኝ። «ሌላ ምርጫ የለሽም።»

ቺፑ ውስጥ ለክፉ ቀን የተውኳት ፀጉር የማታህል ፊውዝ አለች። በባትሪ ስትቃጠል የሁለቱ ከረንቶች መጠን ይለወጣል። አንዴ ከተቃጠለች ግን መመለሻ የለም፤ ቺፑም አንድ ነው። የቆርቆሮውን ክዳን ከፈትኩ፤ የባትሪውን አንድ ጫፍ አሰርኩ፤ ሌላኛውን በጣቴ ይዤ ትንፋሼን ዋጥኩ።  

በዚህ መሃል ከቆላው በኩል ነፋስ ተነሳ። ጉሙ ተገፎ ገደሉን ለቆ ሄደ። ሽቦውን ለማስነካት መለኪያውን ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። አስራ ሁለት ነጥብ አንድ። ቴርሞሜትሩን አየሁ። አራት። ንቅንቅ አላለም። እንደገና መለኪያውን። አስራ አንድ ነጥብ ሰባት!

ሽቦውን ወረወርኩት። ብርዱ ያው ከሆነ ቁጥሩ ለምን ይወርዳል? ሙቀት አይደለም! ሙቀት አይደለም ማለት ደግሞ ዲዛይኔ አይደለም ማለት ነው! ጎንበስ ብዬ ቦርዱ ላይ እንደ መነጽር «ሃ» ብዬ ተነፈስኩበት። ቁጥሩ ዘሎ አስራ ዘጠኝ ገባ፤ ከዚያ እየተንገዳገደ ተመለሰ። እርጥበት ነው! ቦርዱ ፊት ላይ አንድ ነገር ተለጥፏል፤ ጤዛ ሲያገኘው ከረንት ያሳልፋል፤ በእኔ አስር ላይ የራሱን ሦስት ይደርባል። ቀን ላይ ሲደርቅ ጭጭ ይላል። አልኮል ያላስለቀቀው ደግሞ ጨው ቢሆን ነው፤ ጨው በአልኮል አይሟሟም። ግን ጨው ከየት መጣ? አዲስ አበባ እያለሁ ንጹሕ ነበር። ቁልቁለቱን የወረድኩት በሩጫ ነው። መነኩሴው ከኋላዬ «ቀስ! ገደል ነው!» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አልቆምኩም።

እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«እማ፣ ይህን ቦርድ የነካው ሰው አለ?»

«ኧረ ማን ይነካዋል! ከማርያም ፊት ነው ያስቀመጥኩት» አለች። ደስ ብሏት ፈገግ አለች። «ከጠበል በቀር ምንም አልነካውም። ረቡዕ ለት ተኝተሽ ረጨሁልሽ፤ በነጠላዬ ጫፍም ጠረግ ጠረግ አድርጌ ዘጋሁት።»

መገመት ነበረብኝ። ለፈተና ስቀመጥ እስክሪብቶዎቼን ሁሉ ጠበል ረጭታ የምትሰጠኝ እሷ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሻንጣዬን፣ ኮምፒውተር ስገዛ ኮምፒውተሬን ከነሣጥኑ። እኛ ቤት የተጀመረ ነገር ጠበል ሳይነካው ከደጅ አይወጣም። ያ ጠበል ደግሞ ከዐለት ሥር የሚፈልቅ ነው፤ ሲደርቅ ማሰሮው ላይ ነጭ የሚተው። ውሃው ሄዶ ነጩ ቦርዴ ላይ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ ባንድ አፍታ ተረዳሁት። ዲዛይኔ ደህና ነው! መዝለል፣ እናቴን ማቀፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ገነፈልኩ።

«ሁለት ዓመት የለፋሁበትን በአንድ እፍኝ ውሃ ገደልሽው!» አልኳት።

አባቴ ከውስጥ «አንቺ ልጅ!» አሉ። እናቴ ምስሩን ሰፌዷ ላይ አስቀመጠች፤ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ አስገባች። እኔም ይቅርታ ሳልል፣ አገር የሰጡኝ ያህል ፈንድቄ ወደ ጋራዥ በረርኩ። ዛሬም ሳስበው የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፤ በዚያች ሰዓት ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

«የባትሪ ውሃ ስጠኝ» አልኩት መካኒኩን። የባትሪ ውሃ ጨው የለበትም፤ ጨውን አሟሙቶ ይወስዳል፤ የራሱን አይተውም።

«መኪናው የታል?»

«መኪና የለኝም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትሞይው?»

«ጠበል ላጥብ ነው» አልኩት። መካኒኩ አማተበ። ውሃውን ግን ሰጠኝ። ቦርዱን በአዲስ የጥርስ ብሩሽ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ከዚያ ውሃውን እንዲያባርርልኝ በአልኮል አለቀለቅሁትና እስከ አስር ሰዓት ፀሐይ ላይ ዋለ። ጣቴን እንዳላሳርፍበት በወረቀት ይዤ ቆርቆሮው ውስጥ መለስኩት። ማታ ራት ላይ እናቴ እህሉን አቀረበችና ራቅ ብላ ተቀመጠች። ቆርቆሮው ባለበት ጠረጴዛ በኩል እንኳ አላለፈችም።

ቅዳሜ ልንወጣ ስንል ጫማዋን አድርጋ ደጅ ቆማ አገኘናት። «እኔም ልሳለም» አለች። ዳገቱን እስክንጨርስ እጇ ከነጠላዋ ውስጥ አልወጣም፤ ስትደክም እንኳ ክንዴን አልያዘችም። ያኔ ገባኝ። የምትነካው ነገር ሁሉ የሚበላሽብኝ መስሏታል። 

ገደሉ ሥር ጉሙ እንደ ሐሙሱ ተኝቷል። አራት ዲግሪ። መነኩሴው፣ አባቴና እናቴ ከኋላዬ ቆሙ። መለኪያውን አበራሁት።

አስር ነጥብ ዜሮ አንድ።

ተነፈስኩበት። አስር ነጥብ ዜሮ አንድ! ደግሜ ተነፈስኩበት። ንቅንቅ የለም! የጮህኩት ጩኸት ገደሉ ውስጥ ዞሮ ተመለሰ። መነኩሴው «እሰይ!» አሉ፤ ለምን እንዳሉ የሚያውቁ አይመስለኝም። አባቴ ሆዬ «እንግዲህ ብርድ አይለውጠውም ማለት ነው? ይህስ ከእኔ ተሻለ። አምና ጉንፋን ይዞኝ ስንቱን ደብተራ አሳሳትኩ!» ብለው ሳቁ። በየአስር ደቂቃው ቆም እያልኩ፣ ቁጥሩን እየጻፍኩ ወረድኩ። ስድስት ዲግሪ፣ አስራ አንድ፣ አስራ ስምንት። ቁጥሩ ካስር አካባቢ ፈቀቅ አላለም። እቤት ስደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን አጠገብ አስጠግቼ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፤ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ ስድስት፣ አርባ አምስት። አስር ነጥብ ዜሮ አራት። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ!

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ኔትወርኩ ጠፋ። ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ከጎረቤት አጥር እስከ መንገድ፣ ከመንገድ እስከ ኮረብታው ጫፍ ሮጥኩ። እዚያ ላይ አንዲት መስመር ብቅ አለች፤ «አልኮል ያላስለቀቀውን ቆሻሻ አጥቤ የለካሁት» ብዬ ለአማካሪዬ ያዘጋጀሁት የቁጥሮቹ ሰንጠረዥ ሄደ። ስልኬን እንዳፈጠጥኩበት የአማካሪዬ መልስ መጣ። «ማዕዘንሽ ያንቺ ነው። ግን አልኮል ያላስለቀቀው ምን ነበር?»

መልሱን ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። ስመለስ በአካል እነግርዎታለሁ አልኩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናው ደጅ መጣ። እናቴ በሩ ጋ ቆማለች። አንድ እጇ ከጀርባዋ ነው፤ የፕላስቲክ ጠርሙሱ ጫፍ በነጠላዋ ጎን ይታየኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚያ ቤት ደረቅ ሆኜ ወጥቼ አላውቅም። አሁን ግን ሦስት እርምጃ ያህል ርቃ «በይ፣ በሰላም ግቢ» አለችኝ።

ቆርቆሮውን ለአባቴ ሰጠሁና «አባባ፣ መኪናው ጋ ይውሰዱልኝ» አልኳቸው። እሳቸው እስኪርቁ ጠብቄ ወደ እናቴ ሄድኩ፤ ነጠላዬን ከራሴ አውርጄ ፊቷ ተንበረከክሁ።

«እኔ ላይ እርጪ፣ እማ።»

«ያ ነገርሽ ቢበላሽብሽስ?»

«እሱ አባባ ጋ ነው። እኔ አልበላሽም። የተናገርኩሽን ይቅር በይኝና እርጪኝ።»

መጀመሪያ በጣቷ ጠብ አደረገች። ቀና ብዬ ሳያት እያለቀሰች ነው። ከዚያ ጠርሙሱን ዘቅዝቃ ሙሉውን አፈሰሰችብኝ። አንገቴ ሥር ገብቶ በጀርባዬ ወረደ፤ በጥቅምት ብርድ እየተንቀጠቀጥኩና እየሳቅኩ መኪና ውስጥ ገባሁ። ጋሸና ከተማ እስክንደርስ ሸሚዜ አልደረቀም።